ሌሊት የሚከፈለው ሰው፦ በአዲስ አበባ የአንድ አጃቢ ሙዚቀኛ ኑሮ
(ለሙዚቃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

ይህን ንግግር እንዳደርግ ስጠየቅ የተሰጠኝ ርእስ «የሙዚቀኛ ሕይወት በአዲስ አበባ» የሚል ነበር። ስለ ታላላቅ ድምፃውያን ሕይወት ከእኔ የተሻለ የሚናገር ብዙ ሰው ስላለ፣ እኔ የማውቀውን ጠባብ ነገር ብቻ ይዤ ቀርቤአለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳክስፎን እየነፋሁ የኖርሁ፣ ስሜ በካሴት ሽፋን ላይ አንዳንዴ በደቃቅ ፊደል የሚገኝ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጨርሶ የማይገኝ አጃቢ ነኝ። ስለዚህ የዛሬው ወሬዬ ስለ እንጀራ ነው። በነዚህ ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር፣ በዚህች ከተማ የሙዚቃው ድምፅ የሙዚቀኛው ደመወዝ በሚመጣበት በኩል ሲዞር መኖሩን ነው። የወር ደመወዝተኛ የነበረው ሙዚቀኛ የተወልን ድምፅ አንድ ዓይነት ነው፤ በሌሊት ሒሳብ የሚኖረው የእኔ ዓይነቱ ሙዚቀኛ የሚያወጣው ድምፅ ሌላ ዓይነት ነው። ልዩነቱን ብዙ ጊዜ ለችሎታ ወይም ለዘመን መንፈስ እንሰጠዋለን። እኔ ግን ለደመወዝ መዝገቡ እሰጠዋለሁ።

ከታሪኩ ትንሽ ልበል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የነሐስ መሣሪያ ባንድ አቋቋሙ። «አርባ ልጆች» ተብለው የሚታወሱት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤት የየራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ኖሯቸዋል፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም እንዲሁ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በዚሁ ቴአትር ብዙ ተጫዋቾችን አሠልጥኗል። ጥላሁን ገሠሠ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ሲዘፍን ከበስተጀርባው ተደርድረው የሚነፉት ሰዎች ቋሚ ሥራ ያላቸው ደመወዝተኞች ነበሩ። የሚነፉት ሳክስፎንና ትራምፔት የመንግሥት ንብረት ነበር፤ ልብሱንም መሥሪያ ቤቱ ነበር የሚሰጣቸው።

ይህ ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል፤ አይደለም። አራት ሳክስፎን፣ ሦስት ትራምፔትና ሁለት ትሮምቦን ጎን ለጎን አስቀምጦ በአንድ ትንፋሽ ማስነፋት የሚቻለው እነዚያን ዘጠኝ ሰዎች ሥራ በማይኖርበትም ቀን ጭምር የሚቀልብ ሲኖር ነው። ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያ ገና በልጅነቱ የገባው ወደ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ነበር። የማሲንቆንና የፎካሪን ድምፅ ከብረት ቱቦ ውስጥ ማውጣት በአንድ ሌሊት የሚገኝ ጥበብ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ለጥናት የሚቀመጥበት ክፍልና ወር ሲደርስ የማያሳፍር ደመወዝ የሚፈልግ ጥበብ ይመስለኛል። በነገራችን ላይ፣ በእኛ ሙያ «ጥናት» የምንለው ባንዱ ተሰብስቦ የሚለማመደውን ነው። ዛሬ ከአንድ ሠርግ በፊት ጥናት ሊኖረን ቢፈለግ የጥናቱን የታክሲ ሒሳብ የሚችለው ተጫዋቹ ራሱ ስለሆነ፣ ጥናቱ መድረክ ላይ ይሆናል።

ሁለተኛው ዘመን የሆቴልና የክለብ ዘመን ነው። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የግል የሸክላ ማሳተሚያ ሲጀምር የክለብ ባንዶችም በዝተው ነበር። በዚያን ጊዜ የአብዛኛው ክለብ መሣሪያ የክለቡ ባለቤት ነበር፤ ተጫዋቹ ከባለቤቱ ጋር ሲጣላ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያስ ባንድ ከሚወሳባቸው ነገሮች አንዱ መሣሪያው የራሱ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ዋልያስን በዜማው ያነሣዋል፤ እኔ ደግሞ ከሂልተን ሆቴል ጋር ውል ሲዋዋል የራሱን ኦርጋንና ድምፅ ማጉያ ይዞ የቀረበ ባንድ አድርጌ አነሣዋለሁ። የራሱ መሣሪያ ያለው ሰው ዋጋ መደራደር ይችላል።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሰዓት እላፊም አብሮ መጣ፤ ለብዙ ዓመታትም ቆየ። የእኔ ታላላቆች እንደሚያጫውቱኝ፣ የሚደንሰው ሰው ሰዓቱ ሳይደርስ ይገባና በሩ ይዘጋበታል፤ እስኪነጋም መውጣት የለም። ስለዚህ ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። በዚያ ዘመን የተቀረጹት ረጃጅም፣ ቃል የሌላቸው፣ ኦርጋኑና ሳክስፎኑ ተራ በተራ የሚቀባበሉባቸው ሙዚቃዎች ለምን እንደዚያ እንደረዘሙ ሲጠይቁኝ፣ ድምፃዊው መቼም ማረፍ ነበረበት እላለሁ። መልሱ ለሊቃውንት አይመጥን ይሆናል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ሰው ግን ይረዳኛል።

እኔ ወደ ሙያው ስገባ ያገኘሁት ሦስተኛውን ዘመን ነው። ሸክላው በካሴት ተተክቶ፣ የነሐሱ ክፍል ደግሞ በአንድ ኪቦርድ ተተክቶ ነበር። ኪቦርዱ ከበሮውን ይመታል፣ ቤዙን ይጫወታል፣ ትራምፔት የሚመስል ድምፅም ያወጣል፤ ምግብ አይበላም፣ ቀብድም አይጠይቅም። ሰዎች ኪቦርድ ሙዚቃችንን ገደለው ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ዘጠኝ ነፊ የሚቀልብ መሥሪያ ቤት በሌለበት ከተማ የሠርግ ባለቤት አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ድምፃዊና አንድ ሳክስፎን ቢቀጥር ሒሳቡን ያወቀ ሰው ነው። አንዱ ሳክስፎን እኔ በመሆኔም አመሰግነዋለሁ።

አሁን ወደ አዘቦቱ ቀን ልምጣ። የሙዚቀኛ ዓመት ከመስከረም እስከ ጳጉሜ እኩል የሚሄድ እንዳይመስላችሁ። የእኛ የቀን መቁጠሪያ የቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ሥራ ይገኛል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ኀምሳ አምስት ቀን የክርስቲያን ሠርግ የለም፣ ክለቡም ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዱም ይዘጋል። ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት እንደገና ይሞቃል፤ ከዚያ ክረምቱ ይገባና ድንኳኑም ዳንሱም ይበርዳል። ጥር ላይ ያገኘውን ጥር ላይ የጨረሰ ተጫዋች መጋቢት ላይ ሳክስፎኑን አስይዞ ይበደራል። እኔም አንድ ዓመት አስይዤ አውቃለሁ፤ ለማስለቀቅ የፋሲካ ማግሥት ሠርግ መጠበቅ ነበረብኝ፣ ለዚያ ሠርግም የተጫወትሁት ከጓደኛዬ በተዋስሁት ሳክስፎን ነበር።

አንድ የጥር እሑድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የድምፅ ባለሙያዎቹ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያውን ከአይሱዙ ያወርዳሉ፤ እኛ አራት ሰዓት ላይ እንደርሳለን። ሙሽሮቹ ስድስት ሰዓት ይገባሉ ይባላል፤ ፎቶ ለመነሣት ሄደው ስምንት ሰዓት ተኩል ይገባሉ። እስከዚያ ለታዳሚው ለስላሳ ሙዚቃ መጫወት የእኔና የኪቦርዱ ድርሻ ነው፤ በሙያዬ ደስ የሚለኝም ይሄ ሰዓት ነው፤ ማንም ስለማይሰማን ባቲና አምባሰል ላይ እንዳሻኝ እሄዳለሁ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ግን የእኔ ፈቃድ ያበቃል። የሙሽራው ወገን ከጉራጌ፣ የሙሽሪት እናት ከጎጃም፣ አባትዋ ከወለጋ ይሆኑና ሚዜዎቹ ደግሞ የወላይታ ጭፈራ ይጠይቃሉ። አንድ ነፊ እነዚህን ምቶች ሁሉ ከችክችካው ጀምሮ በደሙ ሊያውቅ ይገባል፤ «ይህን አላጠናሁም» የሚል ቃል ሠርግ ቤት አይሠራም።

በዚህ መካከል ተማሪዎች ልትሰሙት የሚገባ አንድ የሙያ ነገር አለ። የኔ አልቶ ሳክስፎን የኢ ፍላት መሣሪያ ነው። ባንዱ በኢ ፍላት ሲጫወት እኔ የምነፋው ሲ ነው፤ ለጣት የሚቀል የለም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ድምፃዊው ሞቅ ይለውና ለኪቦርዱ በዓይኑ ጠቅሶ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያስደርገዋል። የኪቦርዱ ተጫዋች ትራንስፖዝ የሚለውን ቁልፍ አንዴ ይጫናል፤ ጣቶቹ በነበሩበት ይቀጥላሉ። እኔ በዚያች ቅጽበት ከሲ ወደ ሲ ሻርፕ ተዛውሬአለሁ፤ ከዘመድ ቤት ተጠርቶ ባልተጠረገ ዱር ውስጥ እንደ መግባት ነው። በትምህርት ቤት በአሥራ ሁለቱም ቅኝት የምታጠኑት ለፈተና ይመስላችኋል፤ የሚያስፈልጋችሁ በዚያች ሰዓት ነው።

ክፍያው ሌላ ወሬ ነው። ሥራ ሲያዝ ቀብድ ይከፈላል፤ ቀሪው ሥራው ሲያልቅ ነው። ሥራው የሚያልቀው ግን ገንዘቡን የያዘው ሰው ከሙሽሮቹ ጋር አጅቦ ከሄደ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ቀሪውን ሒሳብ የያዘው ሚዜ በሞቅታ እንቅልፍ ወስዶት መኪናው ውስጥ ስላገኘነው፣ እኔና የቤዝ ተጫዋቹ እስከ ንጋት ድረስ መኪናውን ከበን ተቀምጠናል። ሲነቃ ይቅርታ ጠይቆ ከፈለን፤ ቁርስም ጋበዘን፤ መልካም ሰው ነበር። ሽልማቱ፣ ማለትም በግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር፣ በአዝማሪ ቤት የአዝማሪው ነው። በባንድ ግን የማን እንደሆነ በየባንዱ ስምምነት ይወሰናል፤ ካላስቀደማችሁ የድምፃዊው ይሆናል።

ስለ ሪድ ሳልናገር ባልፍ ሙያዬን እንዳልተናገርሁ ይቆጠርብኛል። ሪድ በሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትታሰር፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትሰፋ የሸምበቆ ስንጣሪ ናት። ድምፁ የሚፈጠረው እሷ ስትንቀጠቀጥ ነው፤ ሌላው ብረት ሁሉ የእሷን ወሬ የሚያጎላ ነው። ቫንዶረን የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ አንድ ፓኮ አሥር ሪድ ይይዛል፤ ከአሥሩ ለመድረክ የምትሆነው ሦስት ወይም አራት ብትሆን ነው። ውጭ አገር ያለ ነፊ ሪድ ሲደክም ይጥላል። እኔ በምላጭ ጫፏን እየላግሁ፣ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት እየደለደልሁ፣ በሁለት ሸራፋ መስታወት መካከል ሳትጣመም እያደረቅሁ ወራት አኖራታለሁ። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት የሚመጣ ዘመድ ምን ላምጣልህ ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቁጥር ሁለት ተኩል፤ የሪዷ ጥንካሬ መለኪያ ነው። አንድ የአክስቴ ልጅ የጫማ ቁጥር መስሎት ስቆ ያውቃል።

ቤት ውስጥ መለማመድ ደግሞ የጎረቤት ጉዳይ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት የተከራየሁባቸው እትዬ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ሳክስፎኑን «ጥሩምባ» ነበር የሚሉት። በገባሁ በሳምንቱ በሬን አንኳኩተው፣ «አንተ ልጅ፣ ንፋ፣ እኔ አልከለክልህም፤ ግን ጥሩምባህን ከማንሣትህ በፊት በመስኮት ተመልከት፤ ድንኳን ተተክሎ እንደሆነ ለቅሶ አለ፤ ሦስት ቀን አትነፋም» አሉኝ። ሰፈሩ ሰፊ፣ ዕድሩም ትልቅ ስለነበረ አንዳንድ ወር ላይ የምነፋበት ቀን ከማልነፋበት ያንስ ነበር። በነዚያ ቀናት ሳክስፎኑን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ አየር ብቻ እየሰደድሁ ጣቴን አሠራ ነበር። ኋላ መኪና ያለው ጓደኛ ሳገኝ ወደ እንጦጦ ወጥተን ባሕር ዛፍ ውስጥ መንፋት ጀመርን።

የእንጦጦውን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የዋልያስ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ ነው። ዋልያስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲጨርስ ከባንዱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም ከቀሩት ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራውን ኪቦርድ ከመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ አውጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 አሮጌ ቅጂው እንደገና ታትሞ ወጣ፤ ዓለምም ጠራው፣ በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ። ይህን ታሪክ የሚተርኩት ብዙዎቹ መጨረሻውን፣ የዝናውን መመለስ ይወዱለታል። እኔ የምወድለት መካከሉን ነው፤ ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ በሁለት ተሳፋሪ መካከል ጣቱን ያሠራበትን ዘመን።

የሥራ ቦታ አለመርጋትም የኑሯችን ክፍል ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በፒያሳ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል፣ በውስጡ የነበረው የጃዝ ክለብ ጃዛምባም አብሮ ተቃጠለ። ጋዜጦች ስለ ቅርስ ጻፉ፤ መጻፋቸው ተገቢ ነው፤ ግን በዚያ ሳምንት ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ ተጫዋቾች የዚያን ሳምንት ሥራ አጥተዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከሁሉ በፊት ከተዘጉት መካከል የምሽት ክለቦች ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም ፈረሰ። መላኩ በላይ በዚያ አዝማሪ ቤት በሽልማት ብቻ እየጨፈረ፣ ሌሊት እዚያው እያደረ ኖሮ፣ በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ የዓለም ሙዚቀኛ የሚያርፍበት ያደረገ ሰው ነው። ከተማ መታደሱን አልቃወምም፤ እኔም የተሻለ መንገድ ላይ መሄድ እወዳለሁ። ነገር ግን አዝማሪ ቤት ከሰፈሩ ጋር የተሰፋ ነው፤ ደንበኛው በእግሩ የሚመጣ ነው፤ ሌላ ቦታ አዳራሽ ቢሰጠውም ደንበኛው በአንድ ጊዜ አይሰጠውም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን የባንክ ጉዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመኪና መግዣ ብድር ልጠይቅ ሄድሁ። ወጣቱ ሠራተኛ በጣም ትሑት ነበር፤ በእኅቱ ሠርግ ላይ እንደተጫወትሁም አስታወሰኝ። ቅጹ ላይ «የደመወዝ ማስረጃ ደብዳቤ» የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን። ሠላሳ ዓመት ሥራ ፈትቼ አላውቅም፤ የሠላሳ ዓመቱን ሥራ የሚመሰክር አንድ ማኅተም ግን የለኝም። የክብር ዘበኛው ነፊ ይህ ደብዳቤ ነበረው። ቀደም ብዬ ስለ ደመወዝ መዝገቡ የተናገርሁት ለናፍቆት አይደለም፤ የዚያ ዘመን ሙዚቀኛ የታዘዘውን የሚጫወት ወታደር እንደነበረ አውቃለሁ፣ ነፃነቴንም በደብዳቤ አልለውጥም። ነገር ግን አንዱን ስናጣ በቦታው ምን እንዳስቀመጥን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በወረቀት ደረጃ ያስቀመጥነው ነገር አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የግጥምና የዜማ ደራሲውን ብቻ ሳይሆን ሕጉ «ከዋኝ» የሚለውን ሰው፣ ማለትም እኔን መሰሉን ተጫዋችም ያውቁታል። በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ልማድ ግን ሳክስፎን ነፊ የሚጠራው ሙዚቃው ተቀናብሮ ሊያልቅ ሲል ነው። አቀናባሪው መግቢያው ላይ አንድ ነገር አስገባልኝ ይላል፤ እኔም ከራሴ ፈጥሬ አራት ሐረግ እነፋለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በእጅ ተከፍሎኝ እወጣለሁ። ከዚያ ያች አራት ሐረግ የዘፈኑ መታወቂያ ትሆናለች፤ ሚኒባስ ውስጥ ሰው በከንፈሩ ሲያፏጫት እሰማለሁ። ዜማውን ማን ደረሰው ቢባል ሽፋኑ ላይ የእኔ ስም የለም። በዚህ ማንንም አልከስም፤ ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው፤ ወረቀት ይዤ ገብቼ አላውቅም ነበርና።

ባለፈው ዓመት ግን ይዤ ገባሁ። አንድ ሕግ የተማረ የእኅቴ ልጅ በአንድ ገጽ ጻፈልኝ፦ የተጫወትሁት ምን እንደሆነ፣ መግቢያው የእኔ ፈጠራ መሆኑ፣ ስሜ እንዲጠቀስ፣ ሥራው ወደፊት ገቢ ሲያስገኝ ድርሻዬ እንደሚጠበቅልኝ። አቀናባሪው ወጣት ልጅ ነው፤ ወረቀቱን ሲያይ መጀመሪያ የተከሰሰ መስሎት ደነገጠ። ከዚያ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ «ጋሼ፣ ይሄ ለእኔም ያስፈልገኛል፤ እኔም ከአሳታሚው ጋር እንዲህ ያለ ወረቀት የለኝም» አለና ፈርሞ፣ አንድ ቅጂ በስልኩ አነሣ። የእኔ ቅጂ እዚሁ በሳክስፎኑ ሳጥን ውስጥ፣ ከሪዶቹ መስታወት ሥር ተቀምጧል፤ መገልበጥ የምትፈልጉ ከመድረኩ ስወርድ አወጣላችኋለሁ።